ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ ለተማሪዎቼ ናይትሪክ ኦክሳይድ (ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ጋዝ) ከአሚኖች (ከአሞኒያ ጋር ከሚዛመዱ ናይትሮጅን ያለባቸው ውህዶች) ጋር ምን እንደሚሠራ አሳይቻቸው ነበር። ወሬው ከክፍል ወጥቶ ኮምቦልቻ ደረሰና ጥያቄው በዛ። እስኪ ልመልስ።

መምህር፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ አሚን ካገኘ ወዲያው ናይትሮዛሚን ይሆናል? (ተማሪ፣ ደሴ)

አይሆንም የኔ ልጅ። ናይትሮዛሚን ከአሚን የሚፈጠር፣ ብዙ ዓይነቱ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ውህድ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አየር መግባት አለበት። የመዳብ ሽቦዋን ቀጠን ያለ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ስንከት ያየሽውን አስታውሺ። ከሽቦዋ የሚነሳው ጋዝ ቀለም የለውም። ቡኒ የሆነው ቱቦው አፍ ላይ፣ ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ቡኒው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ ከተረፈው ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር ሲጣመር ዳይናይትሮጅን ትራይኦክሳይድ ይፈጠራል። ሁለተኛ ደረጃ አሚንን (ናይትሮጅኑ ሁለት የካርቦን ቡድኖች የያዘውን) ናይትሮዛሚን የሚያደርገው ይሄኛው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ናይትሪክ ኦክሳይዱ እጥፍ ሲሆን ከኦክስጅን ጋር የሚዋሃድበት ፍጥነት 4 እጥፍ ይሆናል። በጣም ትንሽ ከሆነ ግን ውህደቱ ይንቀረፈፋል። ሰውነታችን ይህንኑ ጋዝ በጥቂቱ እየሠራ የደም ሥር ማስፊያ የሚያደርገው ለዚህም ጭምር ነው።

ኦክስጅን ከሌለ ታዲያ ምንም አይፈጠርም? (ያችው ተማሪ)

ይፈጠራል፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ድራጎ እና ፓውሊክ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ዳይኤትልአሚን የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ አሚን በብርድ ከናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር አዋሃዱ። ሁለት የናይትሪክ ኦክሳይድ ሞለኪውሎች አንድ ላይ ሆነው የአሚኑ ናይትሮጅን ላይ ተለጠፉ። ውጤቱ ጨው ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጋዙን መልሶ ይለቃል። ከዳይኤትልአሚን የተሠራው በሰውነት ሙቀት በ2 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ያልቃል። ከሌላ አሚን የተሠራ ዘመዱ ግን 20 ሰዓት ያህል ይቆያል። አሚኑን መርጠሽ ሰዓቱን ትወስኛለሽ ማለት ነው!

ቢራ ውስጥ ናይትሮዛሚን አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን የድሮ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ቢራ ተመርምሮ ኤንዲኤምኤ የሚባለው ናይትሮዛሚን ተገኘ። በ1956 እ.ኤ.አ. አይጦች ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው ማለት ነው። ምንጩ ብቅሉ ነበር። ብቅሉን በቀጥታ በጋዝ እሳት ያደርቁት ነበር። እሳቱ የአየሩን ናይትሮጅን አቃጥሎ እነዚህኑ የናይትሮጅን ጋዞች ይፈጥራል፤ የበቀለው ገብስ ደግሞ ሆርደኒን የሚባል አሚን አለው። ሁለቱ ተገናኙ። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ የእሳቱ ጭስ ብቅሉን ሳይነካ በሞቀ አየር ብቻ ማድረቅ። መጠኑ ወዲያው ወረደ። እናቶቻችን ለጠላ ብቅሉን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ይህ ችግር የለም።

ብየዳ ላይስ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይወጣል? (በያጅ፣ ኮምቦልቻ)

አዎ፣ ይወጣል። አርኩ (የብየዳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) አየሩን ራሱን ያቃጥለዋል። በር ከፍተህ ሥራ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሳንባን የሚጎዳው ከሰዓታት በኋላም ሊሆን ስለሚችል፣ ማታ ትንፋሽ ካጠረህ ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ።

ናይትሪክ ኦክሳይድ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበት ጋዝ ነው? (እናት፣ ደሴ)

አይደለም እናቴ። ያ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚቀራረበው።

ቫይታሚን ሲ ናይትሮዛሚን እንዳይፈጠር ይከላከላል የሚባለውስ? (ተማሪ፣ ደሴ)

ይረዳል። አሚኑን ሊይዝ የመጣውን ዳይናይትሮጅን ትራይኦክሳይድ መልሶ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያደርገዋል። ግን ቱቦዋን አስታውሺ፤ እዚያ አየር ካለ ጋዙ እንደገና ቡኒ ይሆናል። ስለዚህ ቫይታሚኑ በቂ ካልሆነ ያልቅና ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል።