የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ መኪናዋ ለምን አልነሣም አለች?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን ሙያዬ መምህርነት ነው። ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ከቻይና የገባች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተን በጋራ እንጠቀምባታለን። ከሦስት ሳምንት በፊት በዳሽቦርዱ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቀይ የባትሪ መብራት በራ፤ ከሥሩም የቻይንኛ ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉን ፎቶ አንሥቼ በስልኬ ባስተረጉመው «የባትሪ ኃይል አነስተኛ ነው» የሚል መልስ ሰጠኝ። በዚያው ሰዓት ግን የመንጃው ባትሪ 78 በመቶ ያሳይ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ስንነሣ መኪናዋ በሯን እንኳ አልከፍትም አለችን። ያየልን ባለሙያ ትልቁ ባትሪ ስለሞተ መቀየር አለበት ያለን ሲሆን፣ የነገረን ዋጋም የመኪናዋን ግማሽ የሚጠጋ ነው። ለፋሲካ አዲስ አበባ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ለመዋል አስበን ነበር። ከሌላ መኪና ባትሪ አስነሥተናት ብንጓዝ ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ወደ ማብራሪያው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ትልቁን ባትሪ ለማስቀየር ለማንም ቀብድ እንዳይከፍሉ። በደብዳቤዎ የዘረዘሯቸው ምልክቶች በሙሉ የሚጠቁሙት ሌላ ባትሪ ነው። ቤተሰብ ያዋጣው ጥሪት ባልተበላሸ ዕቃ ላይ ሲወጣ ማየት ያሳዝነኛልና ይህን ጉዳይ በሰፊው ልመልሰው ፈቅጃለሁ።

ማንኛዋም የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ይቻላል፣ ሁለት ዓይነት ባትሪ ይዛ ትሄዳለች። አንደኛው በወለሏ ሥር የተዘረጋውና ጎማዋን የሚያዞረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ትልቁ ባትሪ ሲሆን፣ ሁለተኛዋ በማንኛውም የቤንዚን መኪና ውስጥ እንደምናውቃት ያለችው የ12 ቮልት ረዳት ባትሪ ናት። የበሩ መቆለፊያ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ስክሪኑ፣ ፊሬቻው፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚሠሩት በዚህችው በትንሿ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናዋ ስትጠፋ ትልቁ ባትሪ ለደኅንነት ሲባል ኮንታክተር በሚባሉ ማብሪያዎች አማካኝነት ከቀረው የመኪናዋ አካል ተለይቶ ይቀመጣል፤ ማብሪያዎቹ ተመልሰው እንዲገጥሙ የሚያዝዘውም ኃይል የሚመጣው ከ12 ቮልቷ ነው። ትንሿ ከደከመች የትልቁ መሙላት ምንም አይፈይድም። ጎተራው በጤፍ ጢም ብሎ ሞልቶ የቤቱ ቁልፍ እንደጠፋበት ገበሬ መሆን ማለት ነው።

የስልክዎ ትርጉምም ያሳሳተዎ ይመስለኛል። ቻይናውያን ለሁለቱ ባትሪዎች ሁለት የተለያዩ ስሞች አሏቸው፤ ትልቁን «ዶንግሊ ዲያንቺ»፣ ትንሿን «ሹ ዲያንቺ» ይሏቸዋል። የስልክ ተርጓሚው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ባትሪ» ብሎ ያልፋቸዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ ጎጃም ከተሞችም መድረስ ጀምረዋል። ስክሪናቸው በቻይንኛ እንደሆነ የሚገቡት ጥቂቶች አይደሉምና፣ ይህ የቃል መደበላለቅ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ወደፊት መልእክት ሲወጣ ከትርጉሙ ይልቅ ምልክቱን ይመኑ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቀይ ሣጥን በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚናገረው ስለ 12 ቮልቱ መስመር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በሩ አልከፈት ካለ በሪሞቱ ውስጥ የተሰካውን የብረት ቁልፍ መዝዘው ያውጡ። የቁልፉ ቀዳዳ በሾፌሩ በር እጀታ ላይ፣ አንዳንዴም በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ከዚያም ከመሪው ሥር ያለውን የኮፈኖ መክፈቻ ይሳቡ። 12 ቮልቷ በብዙዎቹ መኪኖች ኮፈኖ ሥር ትገኛለች፤ በአንዳንዶቹ ግን ከኋላ በዕቃ መጫኛው ጎን ስለምትሆን የመኪናዋን መመሪያ ይመልከቱ። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸውን ወፋፍራም ሽቦዎች በእጅዎም በመፍቻም እንዳይነኩ፤ የትልቁ ባትሪ መስመሮች እነርሱ ናቸው፣ ሰውም ይገድላሉ። የ12 ቮልቷ ጉዳይ ግን ማንኛውም ጠንቃቃ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊያየው የሚችል ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ቮልት የሚለካ ተራ ቴስተር ነው። ቴስተሩ በዲሲ 20 ቮልት ላይ ይደረግና ቀዩ ጫፍ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩ በኔጋቲቩ ላይ ይቀመጣል። መኪናዋ ለጥቂት ሰዓታት ጠፍታ ከቆመች በኋላ፣ ሪሞቱን አርቀው ይለኩ። ባትሪዋ የእርሳስና የአሲድ ዓይነት ከሆነች፣ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ማለት ሙሉ ናት፣ 12.2 አካባቢ ማለት ግማሿን አጥታለች፣ ከ12 በታች ማለት ደግሞ ባዶ ልትሆን ተቃርባለች ማለት ነው። ቀጥሎ መኪናዋን ለመንዳት ዝግጁ እስከምትል ድረስ አስነሥተው በዚያው ቦታ እንደገና ይለኩ። በቤንዚን መኪና ዲናሞ የሚሠራውን ሥራ በእርስዎ መኪና የሚሠራው የትልቁን ባትሪ ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ ለትንሿ የሚመግበው ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር ስለሆነ፣ ቁጥሩ ወደ 13.5 እና 14.5 መካከል መውጣት አለበት። ከወጣ ኮንቨርተሩ ሥራውን እየሠራ ነውና ጥፋቱን በትንሿ ባትሪ ወይም ኃይሏን በሚበላው ነገር ላይ ይፈልጉ። ካልወጣ ደግሞ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ፊውዙ፣ የባትሪው ጫፍ ማሰሪያ ወይም ኮንቨርተሩ ራሱ ይፈተሽ። በማሰሪያው ላይ አረንጓዴ ያዘለ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሮ ካገኙ፣ ኔጋቲቩን አስቀድመው ፈትተው በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጽድተው፣ አድርቀው፣ መልሰው ሲያስሩ ፖዘቲቩን ያስቀድሙ። ያን ያህል ቀላል ነገር መብራቱን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።

ባትሪዋ ከወረደች በቻርጀር ሙሉ ሌሊት ትሞላ። ከዚያም የኔጋቲቩ ማሰሪያ ተፈትቶ አንድ ቀን ከአዳር ትቆይና ትለካ። እንዲያ ተለይታ ተቀምጣ ከ12.4 በታች ከወረደች ዕድሜዋ አልቋል፤ ትቀየር። ተለይታ ስትቀመጥ ይዛ፣ ስትታሰር ግን በአንድ ሁለት ቀን የምትወርድ ከሆነ ከመኪናዋ ውስጥ የሚጠባት ነገር አለ።

ይህን ስጽፍ በደብዳቤዎ ያልገለጹትን አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። መኪናዋን ስትገዙ ለሌባ መከላከያ ጂፒኤስ አስገጥማችኋል? ወይስ በመስታወቱ ላይ ካሜራ ተለጥፏል? እነዚህ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ የሚገጠሙት ከ12 ቮልቷ በቀጥታ በተሳበ ሽቦ ስለሆነ መኪናዋ ተኝታም እነርሱ አይተኙም። ስሌቱን አብረን እንሥራው፦ 45 አምፔር ሰዓት የምትይዝ ባትሪ ግማሽ አምፔር ብቻ ሳይቋረጥ ቢወሰድባት በ90 ሰዓት፣ ማለትም አራት ቀን ሳይሞላ፣ ባዶ ትሆናለች። ጤነኛ መኪና ከተኛች በኋላ የምትወስደው ከ0.05 አምፔር ብዙም አይበልጥም። ሁለት ቤተሰብ በጋራ የሚጠቀምባት መኪና ሲሆን ደግሞ አንዱ ቁልፍ መኪናዋ አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ የሚያድርበት፣ በስልክ መተግበሪያው በየሰዓቱ «ስንት በመቶ ቀራት» ተብሎ የምትቀሰቀስበት፣ መኪናዋ ሳትነሣ ሕፃናት በተከፈተ ስክሪን ሙዚቃ የሚያዳምጡበት አጋጣሚ ይበዛል። ኮንቨርተሩ የሚመግበው መኪናዋ ለመንዳት ዝግጁ ስትሆን፣ በአብዛኞቹም ቻርጅ ላይ ስትሰካ ነውና፣ እንዲሁ ስክሪን ከፍቶ መቀመጥ ትንሿን ማስራብ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ቆመውም ሳለ ከትልቁ ቀድተው ትንሿን ይሞላሉ፤ ሆኖም ሁሉም እንዲህ አያደርጉም።

የማርቆስ የሌሊት ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። ብርድ የእርሳስ ባትሪን አይገድላትም፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት መስጠት የምትችለውን ኃይል ስለሚቀንስ ቀድሞ የደከመችው ጠዋት ላይ ትጋለጣለች። እንዲያ ባዶዋን ለቀናት የተቀመጠች ባትሪ ደግሞ በውስጧ ያለው እርሳስ በሰልፌት እየተሸፈነ ስለሚጠነክር፣ በኋላ ብትሞላም የቀድሞ አቅሟ አይመለስም። እርስዎም በሩ ከተዘጋ ወዲህ ስንት ቀን እንደቆየች ያስቡና፣ ሳይውል ሳያድር ቻርጀር ላይ ያድርጓት።

ከሌላ መኪና ማስነሣትን በተመለከተ፣ ከ12 ቮልት አውቶሞቢል በካቦ ማስነሣት ይቻላል። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይገናኛል፤ ኔጋቲቩ ግን ከሚረዳው መኪና ባትሪ ተነሥቶ በእርስዎ መኪና ላይ ባትሪውን ሳይሆን ራቅ ያለ ያልተቀባ ብረት ይይዛል። ኮንታክተሮቹን ለመግጠም ብዙ ኃይል ስለማያስፈልግ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ትነሣለች። አደራ የምልዎ ግን ከአይሱዙ አያስነሡ! በከተማችሁ በረንዳ ላይ እህል ሲጭኑ የሚውሉት የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ ሁለት ባትሪ ተከታትሎ የታሰረላቸው ባለ 24 ቮልት ናቸው። ሾፌሩ ለመርዳት ሲል በቅን ልቦና ካቦውን ቢዘረጋልዎ፣ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች በአንድ ቅጽበት ሊቃጠሉ ይችላሉ። ያኔ በእርግጥም ወጪው ባለሙያው ከነገረዎ ጋር የሚወዳደር ይሆናል።

ባትሪዋን የምትቀይሩ ከሆነ ዓይነቷን ከአሮጌዋ ላይ አንብባችሁ ያንኑ ግዙ። አንዳንድ አዳዲስ የቻይና መኪኖች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የቢዋይዲ ሞዴሎች፣ ለ12 ቮልቱም የሊቲየም ባትሪ ይጠቀማሉ። የዚህች ዓይነቷ ባትሪ ሙሉ ሆና ስታርፍ 13.2 ቮልት ገደማ ስለምታሳይ ከላይ የጻፍኩት መለኪያ አይሠራባትም፤ ለእርሳስ ባትሪ በተሠራ ቻርጀርም መሞላት የለባትም።

ስለ ፋሲካው ጉዞ ግልጽ ልሁን፤ መብራቱ እንደበራ ከከተማ አይውጡ። ከደጀን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ተወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል የሚወጣበት፣ ጥምዝምዙ የበዛ መንገድ እንደሆነ ያውቁታል። እዚያ መካከል 12 ቮልቱ ቢቋረጥ የመሪው እገዛ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ በጣም ጠንክሮ መረገጥን ይጠይቃል፣ ከመሸ ደግሞ መብራትም የለም። ቤተሰብ ጭኖ ይህን መሞከር አይገባም። መለካቱና ባትሪዋን መቀየሩ ቢዘገይ የሁለት ቀን ሥራ ነውና፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው አሁኑኑ ብታስጨርሱት ለበዓሉ ትደርሳላችሁ። ከተቀየረችም በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ከተማ ውስጥ ነድታችሁ፣ ጠዋት ጠዋት እየለካችሁ፣ ቁጥሩ ከ12.5 ሳይወርድ መቆየቱን አይታችሁ ተነሡ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። የጀርመን ሥሪት የሆነችና ቆም ስትል ሞተሯን ራሷ የምታጠፋ የቤንዚን መኪና አለችኝ። «የረዳት ባትሪ ብልሽት» የሚል መልእክት ስላወጣችብኝ ባትሪዋን በአዲስ አስቀየርኩ፤ መልእክቱ ግን አልጠፋም። ባትሪውን የሸጠልኝ ሰው አታሎኝ ይሆን?

መልስ፦ ሰውየውን ከመውቀስዎ በፊት የቀየሩት የትኛዋን ባትሪ እንደሆነ ያረጋግጡ። ሞተራቸውን በየመብራቱ እያጠፉ ከሚያስነሡ መኪኖች አንዳንዶቹ ከዋናዋ ባትሪ ሌላ አንዲት በጣም ትንሽ ባትሪ አሏቸው፤ ሥራዋም ሞተሪኖው ሞተሩን በሚያስነሣበት ቅጽበት ቮልቴጅ ወርዶ ራዲዮኑና ኮምፒውተሮቹ እንዳይጠፉ መደገፍ ነው። ተሰውራ ስለምትቀመጥ ያልለመደ ሠራተኛ ዋናዋን ቀይሮ ይመልስዎታል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመዎ በሌላም ምክንያት ነው፦ በአንዳንድ የመርሴዲስ ሞዴሎች ይህች ባትሪ የማርሹን ሥራ ስለምትደግፍ፣ የመኪናው መመሪያ እስከምትጠገን ድረስ ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ማርሹን ራስዎ ፒ ላይ እንዲያደርጉና የእጅ ፍሬኑን እንዲይዙ ያዝዛል። እርስዎም መኪናዎ የትኛዋም ብትሆን ለጊዜው እንዲሁ ያድርጉ። የባሕር ዳር ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር አራት ዓመት ያለፋት ረዳት ባትሪ ብትደክም አያስደንቅም። አዲሷን ሲገዙ ፈሳሹ በውስጧ የማይንቀሳቀስ፣ ኤጂኤም የሚባለው ዓይነት መሆኗን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። የጎረቤቴ ቪትዝ ጠዋት ጠዋት አልነሣም ስትል ከእኔ መኪና በካቦ ላስነሣለት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የቪትዟ ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ የእርስዎ 12 ቮልት ባትሪና ኮንቨርተር ግን ለዚያ አልተሠሩም፣ ብዙ አምራቾችም ይከለክላሉ። ለጎረቤትዎ ቴስተርዎን ያውሱት፤ ሞተሩ እየሠራ 13.5 ቮልት ካልደረሰ ዲናሞውን ወይም ቺንጊያውን ያሳይ፣ ከደረሰ ባትሪውን ይቀይር።