«ጉዱ ካሣን ማን ሊጫወተው ነው?» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ ባሌ ሙድ ይይዝብኛል

ጥያቄ (ደብዳቤው ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ)

«ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ትዳር ከያዝን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ችግሬን ሲያነቡ እባክዎ አይሳቁብኝ።

‹ፍቅር እስከ መቃብር› ወደ ስክሪን ሊመጣ ነው ሲባል ከሰማሁ ጀምሮ ሰላም የለኝም። ጉዱ ካሣን ማን ሊጫወተው ነው? ሰብለ ወንጌልንስ? የአንድ ተዋናይ ስም ሲነሳ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን እከፍታለሁ። መጽሐፉን ያወቅኩት በአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ በካሴት ከፍቶ ይሰማ ነበር። ጉዱ ካሣ ጋ ሲደርስ ድምፁን ቀይሮ አብሮት ይናገር ነበር።

ባለቤቴ ይህን ‹ማካበድ› ነው የሚለው። እሱ ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው። ቡና ከተሸነፈ ራት አይበላም፣ አያወራም። ውድድሩ ሊጀመር ሲል በየዓመቱ ‹ዘንድሮ የእኛ ነው› ይላል። በቀደም በጊዮርጊስ ተሸንፈው ሲገባ ‹ያው ለምደኸው የለ!› አልኩት። ሶፋ ላይ አደረ። በሳምንቱ እንግዶች ባሉበት ‹ሚስቴ ለልብ ወለድ ሰዎች ተዋናይ ስትመርጥ ነው የምታድረው› አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይኸው ሦስት ሳምንት ከ‹ጨው አቀብዪኝ› ያለፈ ወሬ የለንም። ልጄ ትናንት ‹እማዬ፣ አባዬ ዝም ያለው ቡና ተሸንፎ ነው?› አለኝ።

የሚገርመው እኛ የተዋወቅነው በኳስ ነው። በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከዛምቢያ ሲጫወቱ ካፌ ውስጥ ነበርን። አዳነ ግርማ ሲያገባ አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ልጅ አቀፍኩት። የቡና ስካርፍ አድርጎ ነበር። እሱ ነው ዛሬ ባሌ።

ጤነኛ ነኝ? ኳሱን ወይ እኔን ምረጥ ልበለው?»

መልስ

እህቴ፣ ጤነኛ ነሽ። ይህንን በመጀመሪያ ልንገርሽና ትንሽ ተንፍሺ። አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽም አትቀየሚኝ፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ «እርስዎ» ማለት አልሆነልኝም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ዓይኔ ያረፈው ተዋናዮቹ ላይ ሳይሆን ካሴቱ ላይ ነው። አባትሽ ተቀምጦ፣ ካሴቱ እየዞረ፣ ጉዱ ካሣ ሲመጣ ድምፁን ሲቀይር። አንቺ ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር? ለአንቺ ጉዱ ካሣ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ አይደለም። ጉዱ ካሣ የአባትሽ ድምፅ ነው። አሁን ሌላ ሰው በዚያ ድምፅ ሊገባበት ነው። ታዲያ እንዴት ትተኚ?

አባትሽ ሲያርፍ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤት መጥቷል፣ ዕድሩ ቆሟል፣ አርባው ወጥቷል። ለዚያ ድምፅ ግን ማንም ድንኳን አልተከለም። ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ የሐዘን ተመራማሪ ስለዚህ ብዙ ጽፏል። ሰው የማያውቅልን፣ «አይዞሽ» የማይባልለት ሐዘን አለ ይላል። እንዲህ ያለው ሐዘን የሚከብደው በደጅ ስለማይለቀስ ነው። ውስጥ ይቀመጥና በሌላ በር ይወጣል። ያንቺው የወጣው «ማን ይጫወተዋል?» በሚል ጥያቄ ይመስለኛል። ሌሊት ስልክ ስትከፍቺ የምትፈልጊው የተዋናይ ስም ላይሆን ይችላል።

ስጋትሽ ግን መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። አንድን ገጸ ባሕርይ በስክሪን ካየነው በኋላ መጽሐፉን ስንከፍት የተዋናዩ ፊት ይመጣብናል። ይህ ብዙ አንባቢ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። በአእምሮሽ ለዓመታት ያኖርሽውን ሰው ሌላ መልክ ሲሸፍነው ማዘንሽ ያለ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቢበት። ወጋየሁ ንጋቱም በጊዜው አዲስ ሰው ነበር። መጽሐፉ ወጥቶ ከተነበበ በኋላ ነው በሬዲዮ የተረከው። ከዚያ በፊት ያነበበ ሰው ሁሉ የየራሱ ጉዱ ካሣ ነበረው፤ የየራሱ በዛብህ፣ የየራሱ ፊታውራሪ መሸሻ። ወጋየሁ መጣና ለሁሉም ድምፅ ሰጣቸው። አባትሽ ያንን ድምፅ ወደደው፣ የራሱን ጨመረበት፣ ላንቺ ሰጠሽ። አንቺ ጋ የደረሰው ጉዱ ካሣ እንዲህ በሰው እጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው። አዲሱ ተዋናይ ጎበዝም ይሁን ደካማ አባትሽ የሰጠሽን ሊወስድብሽ አይችልም። የሚጠፋው አንቺ ለማንም ሳትነግሪ ከቀረሽ ነው። ልጅሽ አያቱ ድምፁን እንዴት ይቀይር እንደነበር ያውቃል? ባልሽስ?

ባልሽ የሚያውቅ አይመስለኝም። «መጽሐፍ ወዳጅ ናት» ብሎ ብቻ ይመስለኛል የሚያውቅሽ። ስለ ካሴቱ ነግረሽው ቢሆን ኖሮ እንግዶች ፊት ያንን ቀልድ ይቀልድ ነበር?

ወደ እሱ ልምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ልትቆጪ ትችያለሽ፤ ግን ታገሺኝ።

ቡና ሲሸነፍ ባልሽ በሩን ከፍቶ ሲገባ ምን ይላል? «ተሸነፉ» ነው ወይስ «ተሸነፍን»? ሮበርት ቻልዲኒ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተመልክቷል። ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲያቸውን ልብስ ለብሰው የሚመጡት ይበዙ ነበር። ስለ ጨዋታውም ሲጠየቁ ድል ከሆነ «አሸነፍን»፣ ሽንፈት ከሆነ «ተሸነፉ» ማለት ይቀናቸው ነበር። ለድል «እኛ»፣ ለሽንፈት «እነሱ»። የብዙዎቻችን ጠባይ ነው።

ባልሽ ግን ከእነዚህ ወገን አይመስለኝም። ቡና ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ደረቱን ነፍቶ «ዘንድሮ የእኛ ነው» የሚል ሰው፣ ሲሸነፍም ራት የሚያስቀር ሰው፣ በክፉ ቀን ስካርፉን የማያወልቅ ሰው ነው። አንቺ እንደ ሞኝነት ታዪው ይሆናል። እኔ ግን ያ ጠባይ ለትዳርም የሚበጅ ይመስለኛል።

ደግሞ እሱም ያጣው ነገር ሊኖር ይችላል። አዲስ አበባ ስታዲየም ተዘግቶ የሊጉ ጨዋታ ወደ ሐዋሳ፣ አዳማና ድሬዳዋ ሲዞር የአዲስ አበባ ደጋፊ ምን እንደቀረበት የሚያውቀው ያየው ነው። ቡኒና ቢጫ ለብሶ ከሰፈር ልጆች ጋር በእግር መሄድ፣ ከበሮው፣ ዘፈኑ፣ ድምፅ እስኪጠፋ መጮህ፣ ተሸንፎም ቢሆን አብሮ እየተማረሩ መመለስ። ሽንፈት ከብዙ ሰው ጋር ሲሆን ይቀላል። ሶፋ ላይ ብቻውን ሪሞት ይዞ ሲሸነፍ ግን የሚያካፍለው የለም። ያለሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ «ያው ለምደኸው የለ!» አልሽው።

አሁን የእናንተ ችግር የት እንዳለ ልንገርሽ። ችግሩ ኳሱም መጽሐፉም አይደለም። ሁለታችሁም ከልባችሁ የምትወዱትን ነገር ሌላ ሰው እጅ ላይ ጥላችሁ የምትጠብቁ ሰዎች ናችሁ። እሱ አሰላለፍ አያወጣም፤ አንቺም ተዋናይ አትመርጪም። ዝም ብሎ ማየት ነው። ይህ ያስጨንቃል። በዚህ ጭንቀት ላይ የቅርብ ሰው ሲስቅብን የሚሰማን «ናቀኝ» ነው። ጆን ጎትማን የሚባለው የጥንዶች ተመራማሪ ለአሥርት ዓመታት ባልና ሚስት ሲነጋገሩ እየቀረጸ አጥንቷል። ትዳርን ከሚያፈርሱ ነገሮች ሁሉ ፊተኛ ያደረገው ንቀትን ነው። ጩኸትን ሳይሆን ንቀትን። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። በገንዘብ ተጣልተው የሚመጡ ጥንዶች ይታረቃሉ። አንዱ የሌላውን ውድ ነገር መሳቂያ ካደረገ ግን መንገዱ ይረዝማል።

ሁለታችሁንም እኩል ጥፋተኛ አላደርግም። ያንቺ ቃል ሁለታችሁ ብቻ ባላችሁበት የወጣ ነው። የእሱ እንግዳ ፊት ነው። ሚስትን ሰው ፊት ማሳቂያ ማድረግ ከባድ ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይገባል። ይህንን በግልጽ ልትነግሪው መብትሽ ነው። «ቀልድ ነው» ካለሽ «እኔ አልሳቅኩም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት» በይው። ላያውቅ ይችላልና።

«ኳሱን ወይ እኔን» አትበይው። አንቺን ቢመርጥ እንኳ የምታገኚው አንድ ነገር የተቆረጠበት ሰው ነው። ቂሙም ቀስ ብሎ ይመጣል። እሱስ ተነስቶ «መጽሐፉን ወይ እኔን» ቢልሽ ምን ይሰማሻል?

ሳልጠይቅሽ የማላልፈው ነገር አለ። ባልሽ ይወራረዳል? ቤቲንግ ብዙ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ ገብቷል። ራት ያስቀረው የቡና ሽንፈት ከሆነ የምነግርሽ ምክር ይበቃል። ሽንፈቱ የቤት ኪራይ ይዞ ከሄደ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ገንዘብ እየጎደለ፣ ብድር እየተደበቀ፣ ወይም ከጨዋታ በኋላ መጠጥና ቁጣ እየመጣ ከሆነ ባለሙያ ጋ ቀርባችሁ ማማከር አለባችሁ። እንደዚያ ካልሆነ ይህንን ዝለይው።

አሁን ከየት ትጀምሪ? ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ጨዋታ በሌለበት ምሽት ይሁን። በወቀሳ አትጀምሪ። ካሴቱን ንገሪው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ስለ ተዋናዮቹ የምጨነቀው አባዬ ስለናፈቀኝ ነው። ጉዱ ካሣን ሲያስመስል የሚያወጣው ድምፅ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው።» ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም። ከቻልሽ የወጋየሁን ትረካ በስልክሽ ክፈቺና አሥር ደቂቃ አብራችሁ ስሙት። አባትሽ ድምፁን የሚቀይርበት ቦታ ላይ አቁሚውና እንዴት እንደሚል አሳዪው። ብታለቅሺም አልቅሺ።

ከዚያ እሱን ጠይቂው። «መጀመሪያ ስታዲየም ይዞህ የገባው ማን ነው?» በይው። ይህንን ጥያቄ ለብዙ ወንዶች ጠይቄያለሁ። «እኔ ራሴ ገባሁ» የሚል ብዙ አልገጠመኝም። ታላቅ ወንድም ይጠራል፣ አጎት ይጠራል፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ የሰፈር ልጅ ይጠራል። የባልሽ መልስ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ግን መልሱን ሳታቋርጪ ስሚው። ዘጠኝ ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ይህንን ተጠያይቃችሁ አታውቁ ይሆናል።

ለቤታችሁ አንድ ሕግ አውጡ፤ «ምን ያካብድሃል»፣ «ምን ያካብድሻል» እቤት ውስጥ አይባል። ቡና ሲሸነፍ ግማሽ ሰዓት ዝም ይበል፤ ራቱን ክደኚለትና ተዪው። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ለልጁ ሲል ወደ ቤቱ ይመለስ። ልጅ የአባቱን ዝምታ ሲያይ ምክንያቱን ራሱ ላይ ሊፈልግ ይችላል። የእናንተው እስካሁን ቡና ላይ ነው የለጠፈው፤ ደግነቱ። እሱን አስቀምጠው «አባዬና እማዬ ተኮራርፈን ነበር፤ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም» በሉት። ሁለታችሁም ባላችሁበት ይሁን።

ስክሪኑን በተመለከተ፣ ማየት ግዴታሽ አይደለም። ካየሽም ብቻሽን አትዪው። ከማየትሽ በፊት ግን ደብተር ያዢና አባትሽ እንዴት ያስመስል እንደነበር፣ የት ጋ ሳቁ ያመልጠው እንደነበር፣ ክፍሉ ምን ይመስል እንደነበር ጻፊው። እህት ወንድም ካለሽ እነሱንም ጠይቂ። የጻፍሽው ለልጅሽ ይሆናል።

ወሬውን በምን እንደምትጀምሪው ከጨነቀሽ በዛምቢያ ጨዋታ ጀምሪው። ጥር 13 ነበር፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ። ከ31 ዓመት በኋላ የተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ ተመርተን፣ በ10 ሰው አቻ የሆንንበት ቀን። አዳነ ግርማ ያኔ የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። ባልሽ የቡና ስካርፍ አንገቱ ላይ አድርጎ ነው ለጊዮርጊሱ ልጅ የጮኸው። እንዴት እንደጮኸ አስታውሺው። ከዚያ ማን መጀመሪያ እንዳቀፈ ተከራከሩ፤ ለእኔ የጻፍሽልኝ አንቺ እንደሆንሽ ነው፣ እሱ ምን እንደሚል ግን ሰምተሽ ጻፊልኝ።