ሮዙ ቀለም ተመልሶ ከጠፋ ቤዝ ልጨምር?

በቲትሬሽን፣ ማለትም የአሲዱን መጠን ለማወቅ ቤዝ ጠብ እያደረግክ ስትጨምርበት፣ «ሮዝ ሆኖ ከደቂቃ በኋላ ቀለሙ ጠፋብኝ፤ ልጨምርበት ወይስ ላቁም?» ላልከው፣ አቁም። ፈዘዝ ያለው ሮዝ ፍላስኩን እያወዛወዝከው 30 ሰከንድ ያህል ከቆየ ኤንድ ፖይንቱ (ማቆሚያው ነጥብ) ላይ ደርሰሃል። ኋላ የሚጠፋው ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተረፈችውን ጥቂት ቤዝ ስለሚበላት ነው። እሱን እያሳደድክ ብትጨምር ማብቂያ የለውም።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ግን ሌላ ነው። ኢኩቫለንስ ፖይንት አሲዱና ቤዙ በሞል (በቅንጣት ብዛት) ልክ ለልክ የተጣጣሙበት ነጥብ ነው፤ በዓይን አይታይም። ኤንድ ፖይንት ኢንዲኬተሩ (በቀለም የሚጠቁመው ፈሳሽ) ቀለም የለወጠበት ነው። 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስትሠራ፣ ቡሬቱ (ቤዙ የሚወርድበት ባለ ልኬት ቱቦ) 24.95 ሲል ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 4 አካባቢ ነው፤ 25.05 ሲል 10። ሁለት ጠብታ ብቻ! ስለዚህ ከፒኤች 8.2 ጀምሮ የሚቀላው ኢንዲኬተር ፌኖልፍታሊን ብዙም አያሳስትህም። አሲዱ አሴቲክ ከሆነ ግን ኢኩቫለንሱ 8.7 ገደማ ስለሚሆን፣ ከ3.1 እስከ 4.4 የሚለወጠው ሌላው ኢንዲኬተር ሜቲል ኦሬንጅ ገና በጊዜ ያታልልሃል።

መጨረሻው ላይ ቡሬቱ ጫፍ የተንጠለጠለችውን ግማሽ ጠብታ በፍላስኩ አንገት ነክተህ በተጣራ ውሃ እጠባት። ደማቅ ሮዝ ካየህ አልፈሃል፣ ድገመው።