ዕፅዋት ጥበቃ ላይ ለመሥራት ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «በባዮሎጂ ዲግሪዬን ይዣለሁ። ልቤ ያለው ዕፅዋት ጥበቃ ላይ ነው፤ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ብቀጠር ደስ ይለኛል። ቤተሰቦቼ ግን ‹ቅጠል ምን ያበላል?› ይሉኛል። ሥራው ምን ይመስላል? ከየትስ ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰቦችሽ የሚጨነቁት ላንቺ ነው፤ አትቀየሚያቸው። መልሱ ግን አለ። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ዋና ሥራው የጤፍ፣ የገብስ፣ የስንዴና የማሽላ ዘር ከገበሬው እየሰበሰቡ ማቆየት ነበር። ድርቅ ሲበረታ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውንም ይበላል። የዚያ አካባቢ ዝርያ ያኔ ከጠፋ ጠፋ ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ በዶ/ር መላኩ ወረደ የሚመሩት የተቋሙ ባለሙያዎች ዘር ለማትረፍ የተሯሯጡት ለዚህ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጣው ዘር ይለቀማል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ዘር ዓለም አቀፉ መለኪያ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን አስገብቶ መርሳት የለም። በየጊዜው ጥቂት ፍሬ ወጥቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ይደረግና ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠራል። የሚበቅለው ካነሰ ማሳ ላይ ተዘርቶ ይታደሳል። ቡና ደግሞ ለብቻው ነው። ፍሬው እንደ ጤፍ ደርቆና ቀዝቅዞ ዓመታትን አይሻገርም። ስለዚህ ጅማ ዞን ጮጬ ላይ ዛፉ ራሱ ተተክሎ ይጠበቃል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ለሁለተኛ ዲግሪ ከመሮጥሽ በፊት ዕፅዋት መለየት ተማሪ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ወደ 6,000 ዝርያ ይጠጋሉ፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ አገር የለም። ስሙን የማታውቂውን ተክል ልትጠብቂው አትችይም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ሄደሽ በነፃ ማገዝ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። እስከዚያው ቤትሽ ጀምሪ። አበባ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ጋዜጣ መሃል ዘርግተሽ ተጫኚው፤ እርጥቡን ጋዜጣ በየቀኑ ቀይሪ። የአበባውን ቀለም እዚያው ቆመሽ ጻፊ፣ ሲደርቅ ይለወጣልና። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአገሬው ሰው የሚጠራበትንም ስም አትርሺ። እነዚህ የሌሉት ናሙና፣ ምንም ቢያምር፣ ለጥናት ብዙም አይረባም።

ሁሉንም በአንዴ አትያዥ። አንድ የዕፅዋት ቤተሰብ፣ ማለትም የሚዛመዱ ዕፅዋት ወገን፣ ምረጪ። እኔን ብትጠይቂኝ ሣሮችን ያዥ እልሻለሁ። አበባቸው ደቃቃ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ይሸሻቸዋል፤ ጤፍም ገብስም ማሽላም ግን ከነሱ ወገን ናቸው። በደንብ የሚለይ ሰው በግጦሽ ጥናትም፣ በጂን ባንክም (ዘር በሚቆይበት ተቋም) ይፈለጋል።

ደሞዙን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ የመንግሥት ደሞዝ ነው። ማስታወቂያውም በየወሩ አይወጣም። ስለዚህ ኢንስቲትዩቱን ብቻ አትጠብቂ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ የግብርና ምርምር ማዕከላት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የደን ፕሮጀክቶችም ይህን ሙያ ይፈልጋሉ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ከዲግሪሽ ጋር የናሙና ማስታወሻ ደብተርሽን ይዘሽ ግቢ።