ሄርሂልስ ላይ ቤት ለመከራየት ላሰብሽው እህት፦ ከኪራዩ በፊት ቆጣሪውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሁለት ልጆችሽን ይዘሽ ከለንደን ወደ ሊድስ ልትመጪ ነው፤ ሄርሂልስ ላይ በወር 650 ፓውንድ ባለሁለት መኝታ ቤት አግኝተሻል፤ ኤጀንቱ ደግሞ «ዛሬ ካልከፈልሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሎ አጣድፎሻል። አውቶቡስ ሲቃጠል የሚያሳየውን ቪዲዮም አይተሽ «ሰፈሩ ለልጆች ይሆናል ወይ?» ብለሻል።

ከቪዲዮው ልጀምር። ጁላይ 18 ቀን 2024 የሆነ ነገር ነው። ከአንድ ቤተሰብ ልጆች ሲወሰዱ ሰዉ ተቆጥቶ ወጣ፣ የፖሊስ መኪና ተገለበጠ፣ አውቶቡስ ተቃጠለ። የአንድ ምሽት ነገር ነበር። በየቀኑ የሚያስመርርሽ ሌላ ነው፦ የቆሻሻ ቢኖቹ አጠገብ የተጣለ ፍራሽ፣ የተሰበረ የመኪና መስታወት፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚከንፍ ሞተር፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚጠፋ ፖስታ። ይህን አልደብቅሽም። በሌላ በኩል ሴንት ጄምስ ሆስፒታል በእግርሽ የምትደርሺበት ነው፣ ወደ መሃል ከተማ አውቶቡስ አይጠፋም፣ ሄርሂልስ ሌንና ራውንድሄይ ሮድ ላይ ሥጋውም ቅመሙም ሽንኩርቱም በጆንያ አለ። ኮምፕተን ሴንተር የሚባለው የካውንስሉ (የከተማው አስተዳደር) ቤት እዚያው ሄርሂልስ ሌን ላይ ነው፤ ቤተ መጻሕፍትም አለው፣ የካውንስል ጉዳይም ይጠየቅበታል። ሰፈሩ ይኖርበታል። ሰውን የሚጎዳው ቤቱና ወረቀቱ ነው።

1. ቤቱ የጓሮ በር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለው «ባክ ቱ ባክ» ነው ማለት ነው፦ በሦስት ጎኑ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ መስኮቱ ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ ቤት። በ1909 የወጣው ሕግ እንዲህ ዓይነት ቤት መሥራት ከልክሎ ነበር፤ ሊድስ ግን ቀድሞ በጸደቀ ፕላን እስከ 1937 ድረስ መሥራቱን ቀጠለች። ለዚህ ነው ሄርሂልስ በእነሱ የተሞላው። ጥሩ ጎን አላቸው፤ ጎረቤቶችሽ ሲያሞቁ አንቺም ትሞቂያለሽ። መጥፎው ነገር አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው አይወጣም። ሰገነቱ ላይ ያለው መኝታ ደግሞ ጣሪያው ካልተሸፈነ ከሁሉም ክፍል ይበርዳል፤ ልጆቹ የሚተኙት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ቤቱን ስታዪ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርገሽ ከኋላው በመዳፍሽ ንኪ። አዲስ ነጭ ቀለም በአንድ ጥግ ብቻ ተቀብቶ ካየሽ ጠርጥሪ። ምድር ቤቱን ሳታዪ አትውጪ፤ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት የሌለው ምድር ቤት መኝታ ተብሎ ሊቆጠርልሽ አይገባም።

2. ገንዘቡ። የዓመቱን ኪራይ ለ52 ሳምንት አካፍዪው፦ 650 በ12 ተባዝቶ ለ52 ሲካፈል በሳምንት 150 ይመጣል። ቤቱን ለማስያዝ የሚከፈለው ሆልዲንግ ዲፖዚት ከአንድ ሳምንት ኪራይ አይበልጥም፤ ስለዚህ ኤጀንቱ ዛሬ ሊቀበልሽ የሚችለው ቢበዛ 150 ፓውንድ ነው። ዋናው ዲፖዚት (ስትወጪ የሚመለስልሽ መያዣ) ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም፣ 750 ነው። ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ውል ሳትፈርሚ ኪራይ ሊቀበሉሽ አይችሉም፤ ከፈረምሽ በኋላም ከአንድ ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ ክልክል ነው። ያ «ዋስ ከሌለሽ የስድስት ወር ክፈዪ» የሚሉት፣ የእኛን ሰው ስንት ዘመን ያስለቀሰው ነገር በዚህ ቀርቷል። ለአስተዳደር፣ ለማጣሪያ፣ ለጽዳት የሚባል ክፍያ ከ2019 ጀምሮ የለም። ስለዚህ ቁልፍ እስክትቀበዪ ድረስ ጠቅላላው 1,400 ፓውንድ ነው፤ 150ው ከዚሁ ይታሰብልሻል። ልጆች ስላሉሽ ወይም ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ) ስለምትቀበዪ አናከራይም ማለትም አይችሉም።

ዲፖዚቱን በ30 ቀን ውስጥ ከሦስቱ የተፈቀዱ የዲፖዚት ጠባቂ ድርጅቶች በአንዱ አስመዝግበው ወረቀቱን ሊሰጡሽ ይገባል። አትጠብቂያቸው፤ በ31ኛው ቀን በፖስት ኮድሽና በስምሽ ራስሽ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጊ። ካልተመዘገበ ፍርድ ቤት የዲፖዚቱን ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍላቸው ይችላል፤ ይህን በጽሑፍ ስታስታውሻቸው ብዙዎቹ በማግስቱ ያስመዘግባሉ።

3. ቆጣሪው። እባክሽ ይህን ሁለቴ አንብቢው፤ ሰው ገንዘቡን ሳያውቀው የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የካርድ ቆጣሪ ናቸው፤ መብራቱ በፕላስቲክ ቁልፍ፣ ጋዙ በካርድ ይሞላል። የቀድሞው ተከራይ ሁለቱንም ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ጥሎልሽ ይሄዳል። አዲስ ገቢ ደስ ብሎት አንስቶ ሱቅ ሄዶ 20 ፓውንድ ይሞላል። ስሕተቱ እሱ ነው። ያ ቁልፍ የሌላ ሰው ሒሳብ ነው፤ ሰውየው ዕዳ ካለበት ዕዳው አብሮ አለ። ለምሳሌ በሳምንት 5 ፓውንድ ለዕዳ እንዲቆረጥ ተደርጎ ከሆነና 10 ፓውንድ ኢመርጀንሲ ክሬዲት (ሒሳቡ ሲያልቅ ቆጣሪው የሚያበድረው) ከተበላ፣ ከ20ው የሚቀርልሽ 5 ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ ከከረመ ደግሞ የየቀኑ ስታንዲንግ ቻርጅ (ሳትጠቀሚም የሚቆረጠው ቋሚ ክፍያ) ተጠራቅሞ እሱንም ይበላዋል።

ስለዚህ ቁልፍ በተቀበልሽበት ሰዓት፣ ሻንጣ ሳታስገቢ፣ የሁለቱንም ቆጣሪ ንባብ፣ መለያ ቁጥርና ስክሪኑ ላይ ያለውን ዕዳ ፎቶ አንሺ። የጋዝ ድርጅቱን በፖስት ኮድ የሚያሳይ «ፋይንድ ማይ ሰፕላየር» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ መብራቱን የአካባቢው የመብራት መስመር ድርጅት ለሆነው ለኖርዘርን ፓወርግሪድ ደውለሽ ጠይቂ። ከዚያ ድርጅቱን፦ «በዚህ ቀን ገባሁ፣ ንባቡ ይህ ነው፣ የቀድሞው ዕዳ የእኔ አይደለም፣ አዲስ ቁልፍና ካርድ ስጡኝ» በያቸው። የውሉን የመጀመሪያ ገጽ ላኪላቸው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለሽ በፕራዮሪቲ ሰርቪስ መዝገብ (ቅድሚያ እርዳታ በሚያገኙ ደንበኞች ዝርዝር) ይጻፉሽ። ቀድመሽ ሞልተሽ ከሆነም ውሉንና ፎቶውን ይዘሽ የተቆረጠው እንዲመለስ ጠይቂ፤ ዕዳው የአንቺ አይደለምና። በጋ ላይ ደግሞ ጋዝ አልነካሁም ብለሽ ካርዱን አትርሺው። ስታንዲንግ ቻርጁ ይቆጥራል፤ በጥቅምት ብርድ ሲመጣ የመጀመሪያ ሙሌትሽን ይወስደዋል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጣል አድርጊበት።

ከቆጣሪው ሳንወጣ፣ ምጣድሽን ይዘሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። ከጀርባው የተለጠፈውን ዋት አንብቢ። የእንግሊዝ ሶኬት 13 አምፒር ነው፣ በ230 ቮልት ወደ 3,000 ዋት ይችላል። ከዚያ በላይ የሚስብ የአገር ቤት ምጣድ ሰኪው ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። በኤክስቴንሽን ፈጽሞ አይሞከርም። አከራዩ በጽሑፍ ፈቅዶ ኤሌክትሪሺያን የራሱን መስመር ካልዘረጋለት በስተቀር አነስተኛ ምጣድ ይሻልሻል። ከአሜሪካ የመጣ የ110 ቮልት ከሆነ ደግሞ ስትሰኪው ይቃጠላል። ሊጡንም በክረምት ቦይለሩ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሪው፤ በቀዝቃዛ ኩሽና በሦስት ቀን አይነሣልሽም።

እንጀራ በምትጋግሪበት ቀን ልብስ ቤት ውስጥ አታስጪ። አንድ ማሽን እርጥብ ልብስ ወደ ሁለት ሊትር ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል፤ እሱ ከእንፋሎቱ ጋር ተደምሮ ሰገነቱ ጥግ ላይ ሻጋታ ይሆናል። የኩሽናውን በር ዘግተሽ መስኮቱን ክፈቺ። ማሞቂያውንም አንዴ አንድደሽ አንዴ ከማጥፋት 18 ዲግሪ አካባቢ ያዢው።

ግን ሻጋታ ሁሉ የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ «አበሳሰልሽ ነው» ሲሉሽ እሺ አትበዪ። ጥግና መስኮት ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ የአየር እጦት ነው። ዳሩ ቡናማ የሆነ እድፍ ካየሽ ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ የሚያፈስ ነገር አለ። ከወለል ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር የሚወጣ እርጥበት ደግሞ ከመሬት ነው። ሁለቱ የአከራዩ ሥራ ናቸው፤ የመጀመሪያውም ቢሆን አየር ማውጫ ከሌለ እሱን ይመለከተዋል። ከዚህ ብዙ በማይርቀው ሮችዴል አዋብ ኢሻቅ የሚባል የሁለት ዓመት ሕፃን በ2020 ቤታቸው ባለ ሻጋታ ምክንያት ሞቷል፤ ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ነበሩ፣ ደጋግመው ሲያመለክቱ አኗኗራችሁ ነው ተብለዋል። በስሙ የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በካውንስልና በቤት ማኅበራት (ሃውዚንግ አሶሲዬሽን) ኪራይ ቤቶች ላይ ይሠራል። የአንቺ ግን የግል አከራይ ቤት ስለሆነ ቀን ያለው ፎቶ አንሥተሽ ለአከራዩ በኢሜይል ጻፊ፤ በስልክ ብቻ አትናገሪ። ዝም ካለ ለካውንስሉ የግል ኪራይ ቤቶች ክፍል አመልክቺ፣ መጥተው ይመረምራሉ።

አድራሻሽን ሙሉውን ጻፊ። እዚህ ቤይስዎተር ማውንት፣ ቤይስዎተር ግሮቭ፣ ቤይስዎተር ሮው፣ ቤይስዎተር ቴራስ እየተባለ አንድ ስም በብዙ መንገድ ይደጋገማል። የመጨረሻዋን ቃል ከዘለልሽ የባንክ ካርድሽ ሌላ ሰው ደጅ ይገባል። ካውንስል ታክስ ላይ ከልጆችሽ በቀር ሌላ አዋቂ ከሌለ የ25 ከመቶ ቅናሽ አለሽ፤ ራስሽ ካልጠየቅሽ ላይሰጡሽ ይችላሉ። ሐኪም ጋ ስትመዘገቢ የአድራሻ ማረጋገጫ የለሽም ብለው ሊመልሱሽ አይገባም።

አሁን ለኤጀንቱ ይህን ጻፊለት፦ «ቅዳሜ መጥቼ ቤቱን አያለሁ። ከወደድኩት 150 ፓውንድ ሆልዲንግ ዲፖዚት እከፍላለሁ፣ ደረሰኝ ስጠኝ። የጋዝ ደኅንነት ወረቀቱን፣ የመብራቱን የአምስት ዓመት ምርመራና የኢፒሲ ደረጃውን ቀድመህ ላክልኝ። ሼር ኮዴን ቤቱን ካየሁ በኋላ እሰጥሃለሁ።» ኢፒሲ የቤቱ የኃይል ቁጠባ ደረጃ ነው፤ ሼር ኮድ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድሽን የሚያረጋግጥ ቁጥር ነው። ኢፒሲው ከ«ኢ» በታች ከሆነ ወይም ወረቀት የለንም ካለሽ፣ ባቡር ቲኬቱንም አትቁረጪ።