ጂፒኤሱ 12 እያለ ዘጌ የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ ሰው አመላልሳለሁ። በስልኬ ካርታ ስለካው ቀጥታው 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጂፒኤሱም ሁልጊዜ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይላል። ጠዋት 60 ደቂቃ ይበቃኛል። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ፊት ለፊት እንዳይመታኝ ግማሹን መንገድ ወደ አንድ ጎን፣ ቀሪውን ወደ ሌላው አግድሜ ስሄድ 69 ደቂቃ ይፈጃል። ሞተሩ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ሞተሩ ደህና ነው፤ አያስፈቱት። ስልክዎ የሚያሳየው ስፒድን ነው፤ የጀልባዋን ፍጥነት እንጂ አቅጣጫዋን አይቆጥርም። መድረሻ ሰዓትዎን የሚወስነው ቬሎሲቲ (ፍጥነት ከነአቅጣጫው) ነው፤ እሱም ቢሆን ወደ ዘጌ ያቀናው ድርሻ ብቻ።

60ን ለ69 ሲያካፍሉ 0.87 ይወጣል። ይህ የ30 ዲግሪ ኮሳይን (በዚያ ማዕዘን ሲያጋድሉ ከፍጥነትዎ ወደ መድረሻው የሚቀናው ድርሻ) ነው፤ ስለዚህ ከቀጥታው መስመር 30 ዲግሪ ገደማ እያጋደሉ ነው ማለት ነው። በሰዓት ከሚሄዱት 12 ኪሎ ሜትር ወደ ዘጌ የሚያስጠጋዎ 10.4 ብቻ ሲሆን፣ በ69 ደቂቃ የተጓዙትም ወደ 13.8 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 20 ዲግሪ ቢያጋድሉ 64 ደቂቃ ነበር፤ 45 ቢሆን ግን 85። ኪሳራው ማዕዘኑ ሲጠብ ትንሽ ነው፣ ሲሰፋ ይብሳል። እኔ ብሆን ማዕበሉ እስከፈቀደ ድረስ ከ20 አላልፍም፤ ከበረታ ግን ደቂቃውን ትተው ለተሳፋሪው ይጠንቀቁ።

ለማረጋገጥ ዘጌን በጂፒኤሱ ላይ መድረሻ አድርገው ይመዝግቡ። ሁለት የዲግሪ ቁጥሮች ያገኛሉ፦ ወደ መድረሻው ያለው አቅጣጫና ጀልባዋ በእርግጥ የምትሄድበት። ልዩነታቸው የሚያጋድሉበት ማዕዘን ነው። የስልኩን ኮምፓስ ግን ለዚህ አይጠቀሙ፤ ሞተርና ብረት አጠገብ ይሳሳታል። የጂፒኤሱ አቅጣጫም ጀልባዋ ስትቆም ዝም ብሎ ይዋልላል፤ ከተንቀሳቀሱ በኋላ ያንብቡት።

ነፋሱ ከጎን ሲሆን ደግሞ የጀልባዋ ፊት ዘጌን እያየ እሷ ወደ ጎን ትወሰዳለች። ፊቷን ዝም ብለው ዘጌ ላይ ካደረጉ መንገዱ ይጎብጣል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ መሪውን ወደ ነፋሱ ይመልሱ። ውሃው ላይ 12 እየሄዱ ነፋሱ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ቢገፋዎ፣ ወደ 14 ዲግሪ ማዞር ይበቃል፤ ወደ ዘጌ የሚያስጠጋዎ ፍጥነት በሰዓት 11.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ነዳጁን በቀጥታው ርቀት አያስሉ፤ በሰዓት 6 ሊትር የሚጠጣ ሞተር በ69 ደቂቃ 6.9 ሊትር ይወስዳል። ደርሶ መልስ ሲሄዱ መነሻዎ ላይ ስለሚያበቁ አማካይ ቬሎሲቲዎ ዜሮ ነው፤ ነዳጅ ሻጩ ግን ይህን አይሰማም።