ቀዩና ቢጫው ክኒን
የአንባቢያን ጥያቄ እና የፋርማሲ ባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሞጣ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ሲሆን ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት አልፏል። «ቀዩ» የምትለውን ክኒን ከሱቅ እያስገዛች ትወስዳለች፤ ሰሞኑን ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን «ቢጫው ይሻላል» ብላ ስለሰጠቻት ሁለቱንም ትውጣለች። ከመቀነቷ ላይ ፈትቼ ሳየው በቀዩ እሽግ ላይ አይቡፕሮፌን፣ በቢጫው ላይ ዳይክሎፌናክ የሚል ተጽፎበታል። ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዞላታል። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ እህል ከመቅመሷ በፊት ክኒኑን በውኃ ትውጣለች። አሁን ጨጓራዬን አቃጠለኝ እያለች ነው። የቱን ትተው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎ ሁለቱንም ዛሬውኑ እንዲተዉ እለምንዎታለሁ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በቀለምና በስም ቢለያዩም የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲወሰዱ ጉዳታቸው ይደራረባል እንጂ ማስታገሳቸው እጥፍ አይሆንም። ሕመሙን የሚያስታግሱት ሰውነት ሕመምና እብጠት የሚያመጡ ንጥረ ነገሮችን እንዳያመርት በማገድ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ንጥረ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ከገዛ አሲዱ የሚከላከሉና ለኩላሊት የሚደርሰውን ደም የሚያስተካክሉ በመሆናቸው፣ ጉልበቱ እፎይ ሲል ጨጓራው ከለላውን ያጣል።

ክኒኑን ከምግብ በኋላ መዋጥ ማቃጠሉን ሊያቀልለው ይችላል፤ ቁስለትን ግን አያስቀርም፤ ጉዳቱ ክኒኑ ሆድ ውስጥ ሲያርፍ ብቻ የሚደርስ ሳይሆን በደም ዞሮም የሚመጣ ነውና። እናትዎ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሳቸው፣ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም እንኳ ማቃጠሉ በጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ከጨጓራው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ኩላሊታቸው ነው። ኢናላፕሪል፣ ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና የአይቡፕሮፌን ቤተሰብ መድኃኒቶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኩላሊትን በእጅጉ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ሰውየው ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ኩላሊት እንደ ጨጓራ አያቃጥልምና ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚታወቀው እግር ሲያብጥና ሽንት ሲያንስ ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ስለሆነም የግፊት ክኒኖቹን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ ይልቁንም ለሚከታተላቸው ሐኪም ምን ምን ሲወስዱ እንደቆዩ እሽጎቹን ይዘው ሄደው እንዲያሳዩና የኩላሊት ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ያድርጉ።

ለጉልበታቸው የሚቀለው ፓራሲታሞል ነው፤ ጨጓራንም እንደ ሌሎቹ አይጎዳም። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን በ9 ሰዓት ሲመገቡ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊተኙ ሲሉ ደግሞ ያንኑ ያህል ቢወስዱ ጾማቸውንም አይነካባቸውም። ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከፍተኛው መጠን 8 ፍሬ ነው፤ ሰውነቱ ለከሳ፣ አረቄ ለሚያዘወትር ወይም የጉበት ሕመም ላለበት ሰው ግን ይህም ይበዛል። ፓራሲታሞል ከልክ ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበትን ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይሰማ አልፎ ጉዳቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚገለጥበት ጊዜ ስላለ፣ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል። ጉልበት ላይ የሚቀባውን የዳይክሎፌናክ ቅባት በተመለከተ፣ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ በጣም ያነሰ ቢሆንም፣ ከኩላሊት ምርመራው በኋላ ሐኪሙን ጠይቀው ቢጀምሩት እመርጣለሁ። ጾሙን ለማቅለል ካስፈለገም የንስሐ አባታቸውን ማማከር ይችላሉ።

መቀነቱን ፈትተው ስሙን በማንበብዎ አመሰግንዎታለሁ። እኔ በመድኃኒት ቤት ስሠራ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያመጡልኝ በመቀስ ተቆርጦ የተሸጠ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ነበር፤ ስሙም የሚያበቃበት ቀንም በሌላኛው ቁራጭ ላይ ስለሚቀር ምን እንደወሰዱ ለማወቅ እቸገር ነበር። ስሙ የማይነበብ ፍሬ ከማንም አይግዙ።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ወደ አባይ በሚወስደው ቆላ የምኖር አባት ነኝ። 12 ኪሎ የሚመዝን የሦስት ዓመት ልጄ ሲያተኩሰው የፓራሲታሞል ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ እሰጠዋለሁ። ስንት ማንኪያ ይበቃዋል?

መልስ፦ የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ይስጡት። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ሲሆን ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ፣ ለልጅዎ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ቢበዛ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። በየመካከሉ 6 ሰዓት ይቆዩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አያሳልፉ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር 250 ከሆነ ግን መድኃኒቱ እጥፍ ያህል የጠነከረ ነውና ልኩን በግማሽ ይቀንሱ። ብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ፓራሲታሞል ስላለባቸው ከዚህ ጋር አይደርቡ። አስፕሪን ለልጅ አይስጡ።

እርስዎ ባሉበት ቆላ ደግሞ ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል። ሽሮፑ ትኩሳቱን ያበርደዋል እንጂ የወባውን ተሕዋስ አይነካውም፤ ልጁ ተሽሎት መጫወት ቢጀምር እንኳ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ያስመርምሩት።